አሜሪካ ውስጥ ገበሬ የአደጋ ድጋፍ የሚያጣባቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ከብት ለሚያረባ፣ አትክልት ለሚያመርት ወይም ገጠር ሱቅ ለከፈተ ሰው፣ ጎርፍ ወይም ድርቅ ሲመታው የመንግሥት ድጋፍ አለ። ብዙ ሰው ግን እየተገባው ያጣዋል። ምክንያቱም ቀድሞ መደረግ ያለበትን ኋላ ያደርገዋል።

ፎቶ ሳያነሱ ማጽዳት

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። ዝናቡ እንዳባራ ሁሉም አካፋ ያነሳል። ቆይ! የግብርና መሥሪያ ቤቱ የእርሻ አገልግሎት ክፍል፣ ማለትም ኤፍኤስኤ፣ ለሞተ ከብት ሁሉ አይከፍልም። የሚከፍለው በደህናውም ዓመት ይሞታል ተብሎ ከሚታሰበው ቁጥር በላይ ላለው ነው፤ ያውም ከገበያ ዋጋው 75 በመቶውን። ስለዚህ ስንት እንደሞተ ብቻ ሳይሆን ከአደጋው በፊት ስንት እንደነበራችሁም ማሳየት አለባችሁ። ሰው የሚረሳው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ጥጃዋን ከመቅበራችሁ በፊት የጆሮዋ ቁጥር እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሷት። ከዚያ የግዢ ደረሰኝም ሆነ የእንስሳት ሐኪም ወረቀት ከየትም ፈልጋችሁ አውጡ።

አጥርም እንደዚያው ነው። ወጪውን መንግሥት እንዲጋራችሁ ከፈለጋችሁ፣ ቢሮው ሳይፈቅድ ጥገና መጀመር ገንዘቡን ሊያስቀርባችሁ ይችላል። ከብቱ አስፋልት ላይ እየወጣ "ጠብቁ" መባል ያበሽቃል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ስልክ ደውሉ።

አዋጅ መጠበቅ

"ፕሬዚዳንቱ የአደጋ አዋጅ ካላወጁ ምንም የለም" የሚሉ አሉ። ለሞቱ ከብቶች የሚከፈለው ግን አዋጅ አይፈልግም። የኤፍኤስኤ አስቸኳይ ብድር ነው አዋጅ የሚፈልገው፤ ከታወጀ በኋላ ለማመልከት 8 ወር ይሰጣል። የአንዳንዱ ድጋፍ የጊዜ ገደብ ግን እንደዚህ ረጅም አይደለም። የሰብል ኢንሹራንስ ለማያገኙ ሰብሎች የሚሰጠው ሽፋን ጉዳቱ በታወቀ በ15 ቀን ውስጥ እንድታሳውቁ ይጠይቃል፤ በእጅ ለሚለቀሙ ሰብሎች ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ። ይህንን ሽፋን ቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል። ጎርፉ ከገባ በኋላ ልግዛ ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የማይመለከተውን ቢሮ ማንኳኳት

የከብት መኖ የሚሸጠው ሱቅ በጎርፍ ቢጠፋ መሄድ ያለበት ወደ አነስተኛ ንግዶች አስተዳደር፣ ወደ ኤስቢኤ ነው። ለተጎዳው ማሳ ግን ኤስቢኤ አያበድርም፤ ገበሬውን ወደ ኤፍኤስኤ ይልከዋል። ደግሞ ኤስቢኤ የሚሰጠው ብድር ነው፣ ይመለሳል። "መንግሥት ረዳኝ" ብሎ ፈርሞ ወለድ ሲመጣ የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም።

ግብሩን መርሳት

የአደጋ ክፍያ በአብዛኛው ገቢ ነው፤ ግብር አለው። ሰብላችሁን አብዛኛውን ጊዜ በሚቀጥለው ዓመት የምትሸጡ ከሆነ፣ ለጠፋው ሰብል የተከፈላችሁን ወደዚያው ዓመት ማሻገር የምትችሉበት ሕግ አለ። ሒሳብ ሠሪያችሁን ፎርሙን ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቁት።

"አይሆንም" ሲባሉ ዝም ማለት

ማመልከቻችሁ ውድቅ ሆነ የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ይግባኝ አለ። ለግብርና መሥሪያ ቤቱ የይግባኝ ክፍል ማቅረቢያው 30 ቀን ነው። የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ የደረሰበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉና ፖስታውንም አትጣሉት።