ያገለገለ መኪና ገዝተው ሮድ ታክስ ሲከፍሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በብሪታንያ ከግለሰብ እጅ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው «ታክሱ ገና አላለቀም፣ እስከ ኤፕሪል ያስኬድሃል» የሚል ቃል ከሻጩ አፍ ሳይሰማ አይቀርም። ሻጩ እንዲህ የሚለው ሊያታልል ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ሕጉ መለወጡን ራሱም ልብ አላለውም። ገዥው ግን ይህን ቃል አምኖ መኪናውን እየነዳ ከሄደ፣ መሪውን በጨበጠበት ደቂቃ ታክስ ያልተከፈለበት መኪና ነጂ ሆኗል። ከዚህ በታች የዘረዘርኳቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚህ ከአንዱ የሚመነጩ ናቸው።

ታክሱ ከመኪናው ጋር ይሸጣል ብሎ ማመን

እስከ 2014 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ነገሩ በእርግጥ እንዲያ ነበር። ከ1921 ጀምሮ በመስታወት ላይ ይለጠፍ የነበረው ክብ ወረቀት፣ አገር ቤት እንደምናውቀው ቦሎ፣ መኪናው ሲሸጥ አብሮ ይሄድ ነበር፤ ገዥውም በላዩ ላይ የተጻፈው ወር እስኪያልቅ ድረስ ያለ ሐሳብ ይነዳ ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2014 ጀምሮ ግን ወረቀቱ ቀረ፣ ታክሱም ከመኪናው ተነጥሎ የከፈለው ሰው ሆነ። ሻጩ መሸጡን ለዲቪኤልኤ (መኪናዎችንና መንጃ ፈቃዶችን ለሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ባሳወቀ ጊዜ ታክሱ ይሰረዛል፣ በዳይሬክት ዴቢት (ከባንክ ሂሳቡ በየጊዜው በራሱ እየተቆረጠ) ይከፍል ከነበረም ክፍያው ይቋረጣል፣ ለቀሩት ሙሉ ወራት የከፈለው ገንዘብ ደግሞ ለእሱ ይመለስለታል። ስለዚህ «ታክሱን ጨምሬ ነው የምሸጥልህ» ብሎ ዋጋ ላይ መቶ ፓውንድ የሚጨምር ሻጭ ከተገኘ፣ ከእርስዎም ከመንግሥትም ሊቀበል ነውና ይህን መስማማት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ጥንቁቅ ገዥ የታርጋውን ቁጥር በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ሲመለከት፣ በአረንጓዴ ቀለም ታክስ የተከፈለበት መሆኑን ከነማብቂያ ቀኑ ያያል፤ ደስ ብሎትም ይገዛል። ያየው ግን የሻጩን ታክስ ነው። ሻጩ መሸጡን ለማሳወቅ ከዘገየ ደግሞ ይኸው አረንጓዴ ምልክት ከግዢው በኋላም ለተወሰኑ ቀናት ሊታይ ይችላል። ያ ምልክት የገዥውን ግዴታ አያነሳለትም።

የአዲስ ያዥ ቁራጭ ወረቀቷን ሳይቀበሉ መለያየት

አዲሱ ባለመኪና ታክሱን በዚያው ቀን ለመክፈል የሚያስችለው ከሎግ ቡኩ (ቪ5ሲ ከሚባለው የመኪናው መመዝገቢያ ሰነድ) ላይ ተቀድዳ የምትሰጠው አረንጓዴ ቁራጭ ናት። በእርሷ ላይ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር አለ፤ ያንን ቁጥር ድረ ገጹ ላይ አስገብቶ መክፈል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በሎግ ቡኩ ላይ ያለው ባለ 11 አሃዝ ቁጥር ለክፍያ የሚያገለግለው ሎግ ቡኩ በራስዎ ስም ከመጣ በኋላ ብቻ ነው። ለሻጩ በፖስታ የተላከለት የማስታወሻ ደብዳቤም ለእርስዎ አይሆንም።

እኔ ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው መኪናዬ ነው። ሻጩ ቅን ሰው ነበር። ከኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስሜንና አድራሻዬን በጥንቃቄ ከጻፈ በኋላ፣ ሎግ ቡኩን እንዳለ አጥፎ ፖስታ ውስጥ ከተተና አሸገው፤ «ነገ ጠዋት እልክልሃለሁ» አለኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ። አረንጓዴዋ ቁራጭ ከዚያው ፖስታ ውስጥ ነበረች። ማታ ልከፍል ስቀመጥ ድረ ገጹ ቁጥር ጠየቀኝ፤ በእጄ ያለው ግን የገንዘብ ደረሰኝ ብቻ ነበር። መኪናዋን ወዳጄ ግቢ ውስጥ አቁሜ ሎግ ቡኩ በስሜ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ያህል በአውቶቡስ ተመላለስኩ። ቪ62 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ 25 ፓውንድ ከፍሎ፣ የመኪና ታክስ በሚያስተናግድ ፖስታ ቤት አዲስ ሎግ ቡክ ማመልከትና ታክሱንም እዚያው መክፈል እንደሚቻል የሰማሁት ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ከእጅዎ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። ቁራጯ ትሰጥዎ፤ ሻጩም ሽያጩን እዚያው በእርስዎ ፊት በስልኩ ያሳውቅ። በኢንተርኔት ሲያሳውቅ ማረጋገጫው ወዲያው በኢሜይል ይደርሰዋል፣ አዲሱ ሎግ ቡክም በቀናት ውስጥ ይላካል፤ በፖስታ ከሆነ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ሎግ ቡክ ጭራሽ የሌለው ሻጭ ከገጠመዎ፣ ሰበቡ የቱንም ያህል የሚያሳምን ቢሆን፣ የእኔ ምክር መኪናውን ትቶ መሄድ ነው።

«ቆማለችና አይመለከተኝም» ማለት

ወዳጄ ግቢ ማቆሜ ራሱ ሌላ ስህተት እንደነበር ቆይቶ ገባኝ። ታክስ ያልተከፈለበት መኪና በመንገድ ዳር ቆሞ ቢውል እንኳ እንደተነዳ ይቆጠራል፤ ከመንገድ ውጭ በግል ግቢ ሲቆም ደግሞ ከመንገድ መውጣቱን ለዲቪኤልኤ ማስታወቅ፣ ማለትም ሶርን ማድረግ ያስፈልጋል። ሻጩ ቀደም ብሎ ሶርን አድርጎት ከነበረ ያም እንደ ታክሱ ወደ ገዥው አይተላለፍም፤ አዲሱ ያዥ በራሱ ስም እንደገና ማስታወቅ አለበት።

መኪናው ከነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ሥር ካልሆነ፣ ማንም ፖሊስ ሳያየው ኮምፒውተሩ በራሱ የ80 ፓውንድ ቅጣት ደብዳቤ ያወጣል፤ በ33 ቀን ውስጥ ከተከፈለ በግማሽ ይቀነሳል። መንገድ ላይ ከተገኘ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ታርጋ የሚያነቡት ካሜራዎች አሉ፣ ጎማ የሚቆልፉት ሠራተኞች አሉ፣ ቁልፉን ማስፈታት ብቻ 100 ፓውንድ ያስከፍላል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰም ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ወይም ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። «ትናንት ነው የገዛሁት» የሚለው ምክንያት የሚያስምር አይደለም።

ኤምኦቲውን ሳያዩ መግዛት

ዕድሜው ከ3 ዓመት በላይ የሆነ መኪና የጸና ኤምኦቲ (በየዓመቱ የሚደረግ የመኪና ብቃት ምርመራ ማረጋገጫ) ከሌለው ታክሱን መክፈል አይቻልም፤ ድረ ገጹ አይቀበልም። እንዲህ ያለውን መኪና በመንገድ ላይ መንዳት የሚፈቀደው አስቀድሞ ቀጠሮ ወደተያዘለት ምርመራ ሲኬድ ነው፤ ያም ኢንሹራንስ ካለው።

የወሩን መጨረሻ መምረጥ

ዲቪኤልኤ ለሻጩ የሚመልሰው የቀሩትን ሙሉ ወራት ብቻ ሲሆን፣ ከገዥው የሚቀበለው ደግሞ ከተገዛበት ወር ከ1ኛው ቀን ጀምሮ አስልቶ ነው። ኦገስት 29 ቀን የተሸጠ መኪና እንበል፤ ሻጩ የኦገስትን አይመለስለትም፣ ገዥውም ለሁለትና ለሦስት ቀን ሲል የኦገስትን ሙሉ ይከፍላል፤ ለአንድ ወር ሁለት ሰው ከፈለ ማለት ነው። ሻጩ የሚስማማ ከሆነ ቀብድ ሰጥቶ መኪናውን በሴፕቴምበር 1 መረከብ ይሻላል። የሚተርፈው ገንዘብ ትልቅ አይደለም፤ ነገር ግን በነጻ የሚተርፍ ነው።

የታክሱን ልክ ከመኪናው ዋጋ ወይም ከሞተሩ መጠን መገመት

ከሁሉም ይልቅ ገንዘብ የሚያስወጣው ይህ ነው። ታክሱን የሚወስነው በዋናነት መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበበት ቀን ነው። ከማርች 1 ቀን 2001 በፊት የተመዘገቡት በሞተራቸው መጠን፣ ወሰኑ 1,549 ሲሲ ሆኖ፣ ይከፍላሉ። ከዚያ እስከ ማርች 31 ቀን 2017 የተመዘገቡት በሚያወጡት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይከፍላሉ። ከኤፕሪል 1 ቀን 2017 ወዲህ የተመዘገቡት ደግሞ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት መደበኛ ታክስ ይከፍላሉ።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ «17» የሚል ቁጥር ያለበትን ታርጋ መመልከት ይበቃል። ይህ ታርጋ የተሰጠው ከማርች እስከ ኦገስት 2017 ለተመዘገቡ መኪኖች ነው፤ ስለዚህ የወሰኑ ቀን ለሁለት ይከፍለዋል። ሁለት አንድ ዓይነት ትናንሽ ናፍታ መኪኖች፣ በኪሎ ሜትር 99 ግራም የሚያወጡ፣ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ በማርች 28፣ ሌላው በኤፕሪል 3 ተመዝግቦ ቢሆን፣ ከኤፕሪል 2025 በጀመረው የታክስ ዓመት ተመን የመጀመሪያው በዓመት 20 ፓውንድ፣ ሁለተኛው 195 ፓውንድ ይከፍላሉ። በቀለምም በታርጋም አይለዩም፤ የሚለያቸው ሎግ ቡኩ ላይ የተጻፈው ቀን ነው። ተመኑ በየኤፕሪሉ ስለሚሻሻል የዘመኑን ልክ ከመንግሥት ድረ ገጽ ማየት ይገባል።

ሌላው ወጥመድ በቅንጡ መኪኖች ላይ ያለው ነው። ከኤፕሪል 2017 ወዲህ የተመዘገበና አዲስ ሳለ የዝርዝር ዋጋው ከ40,000 ፓውንድ በላይ የነበረ የቤንዚን ወይም የናፍታ መኪና፣ ታክሱ ለሁለተኛ ጊዜ ከሚከፈልበት ጊዜ ጀምሮ ለ5 ዓመት ተጨማሪ ይጣልበታል፤ በዚያው የ2025 ተመን ተጨማሪው 425፣ ከመደበኛው ጋር 620 ፓውንድ ነበር። እርስዎ በ19,000 ቢገዙትም ሕጉ የሚያየው መጀመሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የተተመነለትን ነው፤ የመጀመሪያው ባለቤት ያስጨመረው የመስታወት ጣሪያና የቆዳ ወንበርም በዚያ ዋጋ ውስጥ ይቆጠራል። የ5 ዓመት መኪና ወይስ የ6 ዓመት ተኩል መኪና ልግዛ እያሉ ለሚያመነቱ፣ ይህ አንዱ መመዘኛ ሊሆን ይችላል።

«ኤሌክትሪክ ነው፣ አይከፍልም» ወይም «ዜሮ ነው» ብሎ መተው

የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ይከፍላሉ፤ የድሮ ማስታወቂያ አንብቦ ነጻ ነው ብሎ መግዛት አያዋጣም። ቀድሞ የአካል ጉዳተኛ ሰው ይጠቀምበት የነበረና ከታክስ ነጻ የተደረገ መኪናም፣ ነጻነቱ የቀድሞው ያዥ መብት ስለነበር ለአዲሱ አይተርፍም፤ ምድቡን ለማስቀየር ፖስታ ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ከታሪካዊ መኪኖች ወገን ሆኖ በእርግጥ ዜሮ የሚከፈልበት ቢሆን እንኳ፣ ዜሮውን «ከፍሎ» ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ክፍያው ቀረ ማለት መመዝገቡም ይቀራል ማለት አይደለም።

በየወሩ የመክፈልን ዋጋ አለማስላት

በዳይሬክት ዴቢት በየወሩ ወይም በየ6 ወሩ መክፈል 5 በመቶ ጭማሪ አለው፤ በ2025 ተመን 195 ፓውንዱ በወር ሲከፋፈል 204.75 ይሆን ነበር። ያለ ዳይሬክት ዴቢት የ6 ወር ብቻ መክፈል ደግሞ ይበልጥ ይወደዳል፤ በዚያው ተመን ለግማሽ ዓመት 107.25 ነበር። ከቻሉ ዓመቱን በአንድ ጊዜ ይክፈሉ፤ መኪናውን ቢሸጡት የቀሩት ሙሉ ወራት ይመለሳሉ።

ሮድ ታክስንና ዩሌዝን ማምታታት

ለንደን ለሚኖሩ ወገኖች ይህ ከባድ ነው፤ ዩሌዝ የጭስ መስፈርቱን የማያሟላ መኪና በለንደን ክልል ውስጥ ሲነዳ የሚከፈል የቀን ክፍያ ነው። የ2012 ናፍታ መኪና ታክሱ በዓመት 20 ፓውንድ መሆኑን ሰምቶ የገዛ ሰው፣ መኪናው የዩሌዝን መስፈርት ስለማያሟላ በሚነዳበት በእያንዳንዱ ቀን 12.50 ፓውንድ ሊከፍል ነው፤ ከኦገስት 29 ቀን 2023 ጀምሮ ክልሉ የለንደንን ቀበሌዎች በሙሉ ይሸፍናል። ሁለቱ ክፍያዎች የሚለኩት በተለያየ ነገር ነው፤ ታክሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ዩሌዝ ደግሞ አየሩን የሚመርዙትን ሌሎቹን ጭሶች ያያል። ባለ 20 ፓውንዱ መኪና በሁለት ቀን ውስጥ የዓመት ታክሱን በልጦ ያስከፍላል ማለት ነው። ታክሱን ከማየትዎ በፊት የታርጋውን ቁጥር በለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያስፈትሹ።

በማስታወቂያ በመጣ ድረ ገጽ መክፈል

ፍለጋ ላይ ከላይ ከሚመጡት ገጾች አንዳንዶቹ የመንግሥት መስለው ለአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። ትክክለኛው በጎቭ ዶት ዩኬ ሥር ያለው ብቻ ነው። «የታክስ ተመላሽ አለዎት፣ ይህን ይጫኑ» የሚል የስልክ መልእክት ከመጣም ይሰርዙት፤ ዲቪኤልኤ የባንክ ዝርዝር በሊንክ አይጠይቅም።

በአሮጌ አድራሻ መመዝገብ

በተከራየ ክፍል ወይም በዘመድ ቤት የሚኖር ሰው «ደብዳቤ እዚያ ይምጣልኝ» ብሎ የሚያስመዘግበው አድራሻ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ የሌላ ሰው ቤት ይሆናል። የሚቀጥለው ዓመት ማስታወሻም፣ ሳይከፈል ሲቀር የሚመጣው የቅጣት ደብዳቤም የሚላከው እዚያው ነው፤ 33ቱ ቀናት እርስዎ ሳያውቁ ያልቃሉ። ቤት ሲቀይሩ የሎግ ቡኩን አድራሻ መቀየር በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይቻላል። መንጃ ፈቃድ ላይ ያለው አድራሻ መቀየሩ ግን ሎግ ቡኩን አይቀይረውም፤ ሁለቱን ለየብቻ ማስተካከል ያስፈልጋል።