የድሮ ብይ ችግርና መፍትሄ፦ የእሳት ምልክት ነው የልጅ እጅ?

ባለፈው ክረምት አክስቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለውን ቤታቸውን ሲያሳድሱ ከአልጋ ሥር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ወጣ። ውስጡ 43 ብይ አለ። ግማሹ ጠዋት ጉም እንደዋጠው የጦሳ ተራራ ደብዝዟል፤ ግማሹ ተፈነካክቷል። «ይሄን ኮተት ምን ልታደርገው ነው ልጄ? ጣለው» አሉኝ። አልጣልኩትም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ጣሳ ያላችሁ፣ የትኛው ያረጀ፣ የትኛው የተጎዳ፣ የትኛው ደግሞ የቆሸሸ ብቻ እንደሆነ የምለየው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ እጠቡት፤ እንደኔ ግን አይሁን። እኔ በዚያ ብርድ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ገለበጥኩበት። ድሮም የተመታ አንድ ብይ «ጠቅ» አለና ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

ምልክት፦ ጫፉ ላይ ሻካራ ነጥብ አለ፣ የተሰበረ ይመስላል

ቶሎ አትዘኑ፤ ምናልባት ከጣሳው ሁሉ ውዱ እሱ ነው። ድሮ የእጅ ብይ የሚሠራው ከረጅም ባለቀለም የመስታወት ዘንግ እየተቆረጠ ነበር። ጀርመን ውስጥ ላውሻ በምትባል የመስታወት ሠሪዎች ከተማ በ1840ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የሚሆን መቀስ ተፈለሰፈ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመረተ። ከዘንጉ የተቆረጠበት ቦታ ጠባሳ ይቀራል። እኔ እምብርት እለዋለሁ። ውስጡ ያሉት ጥምዝ መስመሮች ከአንዱ እምብርት ተነስተው ወደ ሌላው ከሄዱ የእጅ ሥራ ነው። መፍትሄው አለመንካት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ላስተካክለው ያለ ሰው የብዩን መታወቂያ ቀደደ ማለት ነው።

በማሽን የተሠራው እምብርት የለውም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ ውስጥ በ1900ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የማሽን ብዮች ግን አናታቸው ላይ የ9 ቁጥር የመሰለ ጥምዝ፣ ከሥራቸው የተቆረጠ ጭራ አላቸው። ጥርት ባለ መስታወት ውስጥ የድመት ዓይን የመሰለ ቀለም ያለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ነው፤ እኛ ሰፈር የተጫወትነውም እሱን ነው። ከአክስቴ 43 ውስጥ 38ቱ የድመት ዓይን፣ 4ቱ ጥምዝ የማሽን ብይ፣ ባለእምብርት አንድ ብቻ።

ምልክት፦ ከላይ ለስላሳ ነው፣ ከሥሩ ግን ግማሽ ጨረቃ ያበራል

ይኼኛው እውነተኛ ጉዳት ነው። መብራት አጥፉ፣ የስልካችሁን ባትሪ ከጎን አብሩና ብዩን በዝግታ አዙሩት። በአንድ ማዕዘን ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ብልጭ የሚል የጥፍር ቁራጭ የሚያህል ነገር ታያላችሁ፤ ትንሽ ስታዞሩት ይጠፋል። ምክንያቱ ምት ነው። ብይ ከብይ ሲጋጭ መስታወቱ ሳይፈነከት ከውስጥ ይሰነጠቃል። የኛ ሰፈር ጥፋተኛ ደግሞ ይታወቃል፦ የኩሽኔታ ብይ! ከጋራዥ የተለቀመ ብረት ይዞ የመጣ ልጅ የስንቱን ብይ እንዳቆሰለ እኔ ምስክር ነኝ።

የተሰነጠቀ መስታወት አይድንም። ሱፐር ግሉ ከላይ ይቀባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ያቆሽሸዋልም። ማድረግ የምትችሉት ዳግም እንዳይመታ የእንቁላል ካርቶን ውስጥ ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። ስትገዙ ደግሞ ዘይት ወይም ቫዝሊን የተቀባ ብይ አትመኑ፤ ቅባት ጭረትን ይሸፍናል። በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ እዩት።

ፍንካች ከፋብሪካ ጉድለት የሚለየው በጥፍር ነው። እሳት የሠራው እጥፋት ወይም ስርጉድ ጠርዙ የቀለጠ፣ ክብ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ የተፈነከተው ግን ጠርዙ ስለት ነው፣ ጥፍር ይይዛል፤ ውስጡም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ሞገድ ሞገድ ይላል። ውስጡ የቀረ የአየር አረፋ ጉዳት አይደለም፣ እለፉት።

ምልክት፦ ሁለመናው ጉም ለብሷል

ብዩን ውሃ ንከሩት። እርጥብ ሲሆን ጠርቶ ሲደርቅ ከጎመ ችግሩ ላዩ ላይ ነው። የካልክ (ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ኖራ) ቅሪት ከሆነ በአቼቶ የረጠበ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ጠቅልላችሁ ብታጥቡት ይለቃል። ካልለቀቀ በማጉያ መነፅር እዩት። ጥቃቅን ጭረት ከሞላው የአፈር ሥራ ነው፦ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን መስታወት ከ5 እስከ 6 ነው፤ ሜዳ ላይ በተንከባለለ ቁጥር ይፋቃል። ይህም መድኃኒት የለውም።

ጭረት ሳይኖረው ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር እየተመላለሰ የሚወጣበት ደግሞ መስታወቱ ራሱ ታሟል። እርጥበት ከውስጡ ሶዳውን ይስባል። የደሴ ክረምት ለዚህ አይመችም፤ የአክስቴም ጣሳ ክዳኑ ጥብቅ፣ ውስጡ ወበቅ ነበር። አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ አየር በሚያገኝ ሣጥን አስቀምጡት። የጠፋው አይመለስም፣ ሕመሙ ግን ይዘገያል።

ምልክት፦ አርጅቷል ተብሎ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል

ተሞርዷል። ኮምቦልቻ ያለ ወዳጄ ጨረቃዎቹን ላጥፋ ብሎ ባለእምብርት ብዩን ብረታ ብረት ቤት ወስዶ በማሽን አስወለወለው። ጨረቃዎቹ ጠፉ፣ እምብርቶቹም አብረው ጠፉ። ዙሪያውን በካሊፐር ስንለካው አንዱ ጎን ከሌላው ያንሳል። ሰብሳቢ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ቆዳ ስለሆነ፣ እኔ ብሆን ከነቁስሉ እመርጠው ነበር።

ባለእምብርቱን የአክስቴን ብይ በጥጥ ጠቅልዬ መለስኩላቸው፤ መነፅራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አገላበጡት። ሌላውን የጎረቤት ልጆች ወሰዱት፣ ኩሽኔታ አይገባም በሚል ውል።