ኤምሬትስ ሰው ቤት ልትሰሪ ለመጣሽ እህቴ፦ ከኛ ጋር የሚመሳሰለውን ነገር ተጠንቀቂ

አረብ አገር ልሄድ ነው ስትይ ሁሉም የሚነግርሽ ስለ ልዩነቱ ነው፣ ሙቀቱ፣ አባያው፣ ቋንቋው። እኔ አል አይን አራት አመት ከዛ ሻርጃ ሶስት አመት ሰው ቤት ሰርቻለሁ፣ እና ያየሁት ነገር ልዩ የሆነውን ማንም ሰው ቶሎ ይለምደዋል፣ ምክንያቱም አዲስ መሆኑን ስለምታውቂ ትጠይቂያለሽ። የሚያሳስተው ከኛ ጋር የሚመሳሰለው ነው። ቡናው፣ እጣኑ፣ ይሉኝታው። አውቀዋለሁ ብለሽ ዘው ትያለሽ፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጦ ነው የሚጠብቅሽ።

ከቡናው ልጀምር። በገባሁ በሳምንቴ እንግዶች መጡ፣ ማዳም ጋህዋ አቅርቢ አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ቡና ብሎ ነገር ማን ያስተምረኛል ብዬ እንደ እናቴ ቤት ፊንጃኑን ጢም አድርጌ ቀድቼ ዞርኩ። እኛ ጋ ሲኒ አጉድሎ መቅዳት ስስት ነው አይደል? ማዳም ከእጄ ላይ ትሪውን ተቀበለችኝ፣ እንግዳ ፊት ምንም አላለችም፣ ፊቷን ግን አየሁት። ማታ የማዳም እናት ኩሽና መጥታ ቁጭ አድርጋ አሳየችኝ፣ እግዜር ይስጣት። ደላውን፣ የነሱን ጀበና ማለት ነው፣ በግራ እጅሽ ትይዣለሽ፣ ፊንጃኑን በቀኝ እጅሽ ትሰጫለሽ፣ የምትቀጂው ሩብ ያህል ብቻ ነው። ሞልተሽ ከሰጠሽ «ጠጣና ሂድ» እንደማለት ነው። ከትልቁ ሰው ወይም ከክብር እንግዳው ትጀምሪያለሽ፣ ቀድተሽ አትሄጂም፣ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ፣ ፊንጃኑን ዝም ብሎ ከመለሰልሽ ጨምሪ ማለቱ ነው፣ ወዝወዝ አድርጎ ከሰጠሽ በቃኝ ነው። አቦል ቶና በረካ ብሎ ቆጠራ የለም። ቡናው ራሱ ብዙ አይቆላም፣ ነጣ ቢጫ ያለ ነው፣ ሄል ይገባበታል አንዳንዴም ሳፍሮን፣ ስኳር የለውም ከቴምር ጋር ነው የሚጠጣው። መጀመሪያ ስታዪው ይሄ ደሞ ምን ቡና ነው ትያለሽ፣ ግን አፍሽን ሰብስቢ፣ ለነሱ ትልቅ ክብር ነው፣ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ዩኔስኮ የመዘገበላቸው ባህል ነው። ከተላመዳችሁ በኋላ አስፈቅደሽ በጀበና አፍልተሽ አቅምሻቸው፣ የኔዋ አሮጊት በኋላ በኋላ አርብ አርብ ራሷ ነበር የምትጠይቀኝ።

እጣኑም እንደዛው። እኛ ቤት እጣን ከጨሰ ቡናው ሊፈላ ነው፣ አረፍ በሉ ተጫወቱ ማለት ነው። እዛ ቡኹሩ፣ የነሱ እጣን ማለት ነው፣ የሚዞረው መጨረሻ ላይ ነው፣ እንግዳው ልብሱን ሽታውን አስይዞ ይነሳል። «ማ ባዕድ አልዑድ ጉዑድ» ይላሉ፣ ከዑድ፣ ከሚጨሰው ሽታ ያለው እንጨት፣ በኋላ መቀመጥ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ቤቱ ጥሩ ይሽተት ብለሽ በራስሽ መብኸራውን (ማጨሻውን) ይዘሽ መጅሊስ (የእንግዳ ሳሎን) ከገባሽ ሰው ማባረርሽ ነው፣ ማዳም በአይኗ እስክትነግርሽ ጠብቂ።

ይሉኝታን አገርሽ ጥለሽው ነይ። ብዪ ስትባዪ «አይ ይብቃኝ» ብለሽ እስክትለመኚ የምትጠብቂ ከሆነ ማንም አይለምንሽም። አልራባትም ብለው ያምኑሻል፣ ምግቡ ይነሳል፣ አንቺ ጾምሽን ታድሪያለሽ። እኔ የመጀመሪያውን ወር የከሳሁት በስራ ሳይሆን በዚህ ነው። ርቦሽ ከሆነ «አይዋ፣ ሹክረን» ብለሽ ብዪ። ሌላው እኛ አዎ ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እህ» የምንለው ነገር አለ፣ ለነሱ የደነገጥሽ ወይም ያመመሽ ይመስላቸዋል። ስትጠየቂ አንገት ደፍቶ ዝም ማለትም እኛ ጋ ጨዋነት ነው፣ እዛ ግን የጠፋ እቃ እየተፈለገ መሬት መሬት ካየሽ አንቺ ያደረግሽው ይመስላል፣ ቀና ብለሽ ረጋ ብለሽ መልሺ። ሕፃን ስታሞግሺ ደግሞ ማሻአላህ ሳትዪ አትጀምሪ፣ አይን ትፈራለች እናቱ፣ ይሄኛውስ ከኛ ጋር አንድ ነው።

ሰዓቱን በተለይ አደራ። ማዳም ምሳ ሳዓ ዋሕዳ ይድረስ አለችኝ፣ አንድ ሰዓት ማለቷ መሆኑን ሰማሁ፣ እኔ በኛ ቆጥሬ ማታ ነው ብዬ ልብስ ስተኩስ ቤተሰቡ በኛ ሰባት ሰዓት ላይ ከነእንግዳው ገባ፣ ሩዙ እሳት ላይ እንኳን አልወጣም። በማግስቱ ወረቀት ላይ የነሱን ሰዓት ከኛ ጋር ትይዩ ጽፌ ፍሪጅ ጎን ለጠፍኩ፣ ስድስት መደመር ስድስት መቀነስ ነው፣ እስኪገባሽ ድረስ አንቺም ለጥፊው።

ከባባ (ከቤቱ አባወራ) እና ከትልልቅ ወንድ ልጆች ጋር እጅ ለሰላምታ ቀድመሽ አትዘርጊ፣ መሳሳም የሚባል የለም፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ሰላም ብትዪ ይበቃል። ወንድ ብቻውን ያለበት ክፍል አትግቢ፣ ስትተኚ በርሽን ቆልፊ፣ ቁልፍ ከሌለው ማዳምን ጠይቂ፣ ይሄ ነውር አይደለም። ስልክ ላይ ደግሞ የቤቱን ልጆች ወይ ሳሎኑን ቀርጸሽ ቲክቶክ ላይ እንዳትለቂ፣ እዛ አገር ሰውን ያለፈቃዱ ቀርጾ መልቀቅ ወንጀል ነው፣ ተናደሽ ዋትሳፕ ላይ ሰው መሳደብም ያሳስራል። ቀልድ እንዳይመስልሽ።

ረመዳን ሲመጣ ሌሊቱ ቀን ይሆናል፣ ቀኑ ላይ እንቅልፍ ስትሰርቂ ነው የምትውዪ፣ ሳምቡሳው፣ ሃሪሱ፣ ሉቀይማቱ፣ የምግቡ ስራ ማለቂያ የለውም። ባትጾሚም ሰው ፊት ውሃ እንኳን አትጠጪ፣ ክፍልሽ ገብተሽ ጠጪ። ኦርቶዶክስ ከሆንሽ የራስሽን ጾም ቀድመሽ ተናገሪ፣ «አና ሳይማ፣ ማፊ ላሕም ማፊ ሐሊብ ማፊ ቤድ» በቂ ነው፣ ጾመኛ ነኝ፣ ስጋ የለም ወተት የለም እንቁላል የለም ማለት ነው፣ ጾም ያከብራሉ። በ2017 የካቲት ላይ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገብተው ስንቶቻችን ከቤተሰቡ ጋር እኩል ጾመናል፣ ለነሱ ግር የሚላቸው እኛ በምሽትም ስጋ አለመብላታችን ነው፣ አስረጂያቸው።

ጽዳት ላይ አንዲት ነገር ብቻ። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳትቀላቅዪ፣ ይበልጥ ያጸዳል የምትል ልጅ ትኖራለች፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ በተዘጋ ባኞ ቤት ውስጥ ደግሞ ይገድላል።

አሁን ወረቀቱ። የነሱን ባህል አከብራለሁ ማለት መብቴን እተዋለሁ ማለት አይደለም፣ ይሄን ለይተሽ ያዢ። የኤምሬትስ የቤት ሰራተኞች ሕግ በፈረንጆቹ 2022 የወጣው ቁጥር 9 የሚባለው ነው፣ በሱ መሰረት ፓስፖርትሽ ያንቺ እጅ ነው የሚቀመጠው፣ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት አለሽ፣ በቀን 12 ሰዓት እረፍት ከሱም ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ፣ በአመት 30 ቀን ፈቃድ። ደሞዝሽን ስትጠይቂ «ቡክራ ኢንሻአላህ»፣ ነገ እግዜር ካለ፣ ልትባዪ ትችያለሽ፣ ኢንሻአላህ እሺም ይሆናል፣ እናያለንም ይሆናል፣ ስለዚህ «የትኛው ቀን?» ብለሽ ቀኑን አስቆርጪ፣ የተቀበልሽበትን ቀንና ብር ደብተር ላይ በኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፊ። ይሄ የምለው ኤምሬትስን ነው፣ ኩዌትና ሳውዲ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው የሄድሽበትን ጠይቂ።

እረፍት ስታገኚ ዱባይ ከሆንሽ ዴራ ናይፍ አካባቢ ውጪ፣ እንጀራም ሀበሻም አለ፣ ከቆዩት እህቶች ጋር ተዋወቂ፣ የዋህ ነኝ ብለሽ ቤት ተዘግተሽ አትቅሪ። የሰራተኛ ቅሬታ መቀበያው 80084 ነው፣ ፖሊስ 999። ስልክሽ ላይ ብቻ አትያዢው፣ ስልክ ሊወሰድብሽ ይችላል፣ በወረቀት በአማርኛ ጽፈሽ የጸሎት መጽሐፍሽ ውስጥ አስገቢው፣ እሱን ማንም አይነካብሽም።