ዛፍ ያለበት ወይም ለፓርክ የተከለለ መሬት ከመግዛትዎ በፊት እንዴት እንደሚመረምሩ

ዛፍ ያለበት መሬት ልብ ያማልላል። ጥላው፣ ጸጥታው፣ ዋጋው ከአጠገቡ ካለው ባዶ ቦታ ዝቅ ማለቱ ገዢን ያስቸኩላል። ዋጋው ዝቅ ያለበት ምክንያት ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ቦታው ላይ ሳይሆን መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ከገዢዎች ጋር ሆኜ ብዙ ሰነድ አገላብጫለሁ፤ አዘውትሮ የሚጎዳው ቦታውን ደጋግሞ ያየ፣ ፕላኑን ግን አንድም ጊዜ ገልጦ ያላየ ሰው ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ እጀምራለሁ። መሬት በማይሸጥበትና የሚተላለፈው ቤቱና የመጠቀም መብቱ ብቻ በሆነበት አገርም ጥያቄዎቹ እነዚሁ ናቸው።

1. የሚፈልጉትን ይጻፉ

ቤት ሊሠሩበት ነው? ሊያርሱበት? እንጨቱን ሊሸጡ? ወይስ ደኑን እንደ ደን ሊይዙት? አንድ መስመር ይበቃል፤ ከዚህ በኋላ የሚጠይቁት ሁሉ በዚያ መስመር ይመዘናል።

2. ክለላው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስደው ያንብቡት። ደን መሬቱ ላይ በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ለፓርክ መከለል ግን የመሥሪያ ቤት ውሳኔ ነው። አንድም ዛፍ የሌለበት ሜዳ በፕላን ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ ሊገኝ ይችላል። አንድ የማውቀው ገዢ ዛፎቹ ከተቆረጡ ቦታው እንደ ባዶ መሬት ይቆጠራል የሚለውን የሻጭ ወሬ አምኖ አስቆረጣቸው። ቅጣቱን ከፈለ፤ ክለላው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ፕላን መሥሪያ ቤት ሄደው «ፓርክ ነው ወይ?» ብለው ብቻ ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ አይጠቅምዎትም፤ በዚህ ስም የሚጠሩት ነገሮች ቢያንስ አራት ናቸውና።

አንደኛው አሁን በሥራ ላይ ያለ የሕዝብ ፓርክ ነው። የዚህ ሻጭ ነኝ የሚል ሰው ከመጣ ንግግሩን እዚያው ያቁሙ።

ሁለተኛው በግለሰብ እጅ ያለ፣ ነገር ግን ወደፊት ለፓርክ እንዲወሰድ በፕላን የተያዘ መሬት ነው። አደገኛው ይህ ነው። ውሳኔው መቼ ጸደቀ? የሚያበቃበት ጊዜ አለው? ለመውሰጃው በጀት ተይዟል? እስከዚያስ አጥር ማጠር፣ መትከል፣ ጊዜያዊ ግንባታ ማቆም ይፈቀዳል? መሬቱ ሲወሰድ ደግሞ ካሳው የሚሰላው ክለላው ባሳነሰው ዋጋ ነው ወይስ ክለላው እንዳልነበረ ተቆጥሮ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ የመሬት ሕግ ለሚያውቅ ጠበቃ ያቅርቡ፤ ለምክሩ የሚከፍሉት ገንዘብ አይቆጭዎትም።

«ክለላው ፍትሐዊ ካልሆነ ከስሼ አስነሳዋለሁ» የሚሉ ገዢዎች ገጥመውኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 የኒው ዮርክ ከተማ ቱዶር ሲቲ በተባለው ሰፈር ያሉ ሁለት የግል መናፈሻዎችን ለሕዝብ ፓርክ ከለለች። ለባለንብረቱም እዚያ ሊሠራ ይችል የነበረውን ግንባታ ወደ ሌላ የከተማዋ ክፍል የማዛወር መብት ሰጠች። ባለንብረቱ ተከራከረ፤ በ1976 የክፍለ ግዛቱ የመጨረሻ ይግባኝ ፍርድ ቤት ክለላውን ሻረው። ካሳ ግን አልፈረደለትም። ይህን ያህል ዓመት ጠብቆና የጠበቃ ወጪ ችሎ ክለላን ብቻ ማስነሳት ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው። ክለላው ይነሳል ብለው ተስፋ አድርገው አይግዙ።

ሦስተኛው ሰፊ የጥበቃ ወሰን ውስጥ የሚገኝ የግል መሬት ነው። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1892 የተመሠረተው የአዲሮንዳክ ፓርክ ግማሽ ያህሉ የግል ይዞታ ነው፤ ሰዎች ይኖሩበታል፣ ይሸጡታል፣ ይገዙታል። ሆኖም ጥብቅ በሆነው የግል መሬት ምድብ ውስጥ ለአንድ ዋና ሕንፃ በአማካይ ከ17 ሔክታር በላይ መሬት ያስፈልጋል። መግዛት ተፈቀደ ማለት መገንባት ተፈቀደ ማለት አይደለም።

አራተኛው ከፕላኑ ላይ ጨርሶ ላይገኝ ይችላል። የቀድሞ ባለቤት «ይህ መሬት አይገነባበትም፣ ደኑም አይመነጠርም» ብሎ በውል አስሮት ይሆናል። በአሜሪካ እንዲህ ያለው የጥበቃ ውል ተመዝግቦ መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ለዘለቄታው ነው፣ ተከታዩን ገዢ ሁሉ ያስገድዳል። ስለዚህ ፕላን መሥሪያ ቤቱንም የይዞታ መዝገቡንም ማየት አለብዎት፤ አንዱ የሌላውን አይተካም።

መልሱን በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ የፕላኑ ወረቀት ቁጥር ተጠቅሶበት ይቀበሉ። በዝግጅት ላይ ያለ አዲስ ፕላን ካለም አብረው ይጠይቁ፤ የዛሬው ካርታ ነጭ፣ የነገው ረቂቅ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

3. ክለላ ባይኖርም ዛፉን መቁረጥ ይቻል እንደሆነ ያረጋግጡ

በስዊዘርላንድ ደን መመንጠር በመርሕ ደረጃ ክልክል ነው፤ በልዩ ሁኔታ የተፈቀደለትም አብዛኛውን ጊዜ በምትኩ መትከል አለበት። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳለፈው ትእዛዝ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ደን የሆነው ሁሉ በደን ጥበቃ ሕጉ እንዲታይ አድርጓል። በእንግሊዝ አንድን ዛፍ ለይቶ የሚጠብቅ ትእዛዝ ሊወጣ ይችላል። በሚገዙበት አገር ሕጉ የትኛውን መንገድ እንደያዘ ከደን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይስሙ። ደላላን አይጠይቁ፤ ደላላ ሥራው መሸጥ ነው።

4. አሁን ወደ ቦታው ይሂዱ

ጫማዎ ጠንካራ ይሁን፤ ገመድ፣ ሜትርና ችካል ይያዙ። ድሮን ለገዢ ይጠቅማል ሲባል እሰማለሁ፤ ደን ላይ ግን የሚያሳየው ከቅጠሉ በላይ ያለውን ብቻ ነው። የስልክ ጂፒኤስም ከዛፍ ጥላ ሥር ይዋልላል። በጉግል ኧርዝ የቆዩ ምስሎችን ማየት ከሁለቱም ይሻላል፤ ደኑ የጥንት ይሁን በቅርብ የበቀለ፣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንሸራተት ጥሎት ያለፈ ጠባሳ ይኑር አይኑር ይታያል።

ለወሰኑ ቀያሽ ይቅጠሩ። በአንድ ቦታ ላይ ቀያሹ የወሰን ድንጋዩን ከቅጠል ክምር ሥር ፈልጎ ሲያጣ ፍንጭ የሰጠን አንድ ያረጀ ዛፍ ነበር። የእሾህ ሽቦ ግንዱ ውስጥ ገብቶ ቅርፊቱ ውጦታል፤ የዛገ ጫፉ ብቻ ጣት ያህል ወጥቶ ይታያል። ከዛፍ ወደ ዛፍ እየፈለግን ሽቦውን ስንከተል፣ የድሮው አጥር ሻጩ በእጁ ካመለከተን መስመር ብዙ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ አገኘነው። አጥር ብቻውን ሕጋዊ ወሰን አይደለም፤ ጎረቤቱ ነገ የእኔ ነው የሚለው መሬት የት እንደሚጀምር ግን ነገረን። ወደ ቦታው የሚያስገባው መንገድም በጎረቤት መሬት የሚያልፍ ከሆነ የተመዘገበ የመተላለፊያ መብት ይጠይቁ፤ የጎረቤት በጎ ፈቃድ ጎረቤቱ ሲለወጥ ይለወጣል።

ቤት ሊሠሩ ከሆነ ትልልቆቹን ዛፎች ይለኩ። ግንድ በብዙ አገር የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ያህል፣ በብሪታንያ የግንባታ መመዘኛ ግን 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ዙሪያውን በሜትር ለክተው ለ3.14 ካካፈሉ ስፋቱን ያገኛሉ። ይኸው መመዘኛ ለሥሩ እንዲከበርለት የሚጠይቀው ቦታ የግንዱ ስፋት 12 እጥፍ ራዲየስ ያለው ክብ ነው። ግንዱ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከግንዱ በየአቅጣጫው 6 ሜትር፣ በጠቅላላው 113 ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል ማለት ነው። 500 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ተራርቀው የቆሙ እንዲህ ያሉ አራት ዛፎች እንዳይነኩ ከተባለ ለቤት የሚተርፍ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ክቦቹን በገመድ መሬት ላይ ያስምሩ፤ ወረቀት ላይ ሰፊ የመሰለው ቦታ ሲጠብ በዓይንዎ ያያሉ።

ዛፉን መቁረጥ ቢፈቀድም አፈሩ ሸክላማ ከሆነ ይጠንቀቁ። ትልቅ ዛፍ ከአፈሩ ይመጥ የነበረው ውሃ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ እየተጠራቀመ መሬቱን ያሳብጠዋል፤ በችኮላ የተጣለ መሠረትም ይሰነጠቃል።

እሳትንም ያስቡ። ሰደድ እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል። የካሊፎርኒያ ሕግ ለአደጋ በተጋለጡ አካባቢዎች ከቤት ዙሪያ እስከ 30 ሜትር ድረስ፣ ከይዞታው ወሰን ሳይታለፍ፣ ተቀጣጣይ ነገር እንዲቀነስ ያዛል። ቦታዎ ጠባብ ከሆነ የሚያሰጋዎት እንጨት ያለው ከወሰንዎ ማዶ፣ በጎረቤትዎ መሬት ላይ ነው።

የውሃ፣ የመብራትና የሴፕቲክ ታንክ ነገር ከማንኛውም መሬት አይለይም።

5. ዋጋውን ይስጡ፣ ውሉን ይጻፉ

ዋጋ ሲያወጡ ምንም ዓይነት ፈቃድ እንደማይገኝ አድርገው ያስቡ። ቦታው እንዲሁ እንዳለ፣ ለጥላውና ለንቡ ብቻ ስንት ያወጣልዎታል? ለአረንጓዴው ክለላ መሬት ከዚያ በላይ እንዲከፍሉ አልመክርም። ጥበቃው የሚያስደስትዎት ሰው ከሆኑ ግን ክለላው ጎረቤትዎንም ስለሚያስር ይጠቅምዎታል፤ እንዲህ ላለ ገዢ ከዚህ የተሻለ መሬት አይገኝም።

ቀብዱ ትንሽ ይሁን። የግንባታ ወይም የመቁረጥ ፈቃዱ እስከዚህ ቀን ካልተገኘ ውሉ እንደሚፈርስና ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ በውሉ ላይ ይስፈር። ማኅተም ያረፈበትን የመሥሪያ ቤቱን መልስና የቀያሹን ካርታ የውሉ አባሪ አድርገው ሻጩን በየገጹ ያስፈርሙት።