በሜዲኬር ጉዳይ ወላጆቻችን ላይ የምናደርሳቸው ስህተቶች

በዋሺንግተን አካባቢ የኢትዮጵያውያን አረጋውያንን የሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የጤና መድን) ቅጽ በመሙላት ዓመታት አሳልፌያለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የኮብራ ነገር ነው፤ ኮብራ ሥራ ያቆመ ሰው የሥራ ቦታ መድኑን ራሱ እየከፈለ ለጊዜው የሚያቆይበት ሕግ ነው።

አንድ አባት የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነው ኖረው በ67 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። የሥራ ቦታ መድናቸውን በኮብራ ሙሉውን ክፍያ ከኪሳቸው እየከፈሉ 18 ወር አቆዩት። «መድን አለኝ እኮ ልጄ» አሉኝ፣ ካርዱን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው። አላቸው! ግን ሜዲኬር ኮብራን በሥራ ላይ እንዳለ መድን አይቆጥረውም። ያለ ቅጣት ፓርት ቢ (የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል) የሚገባበት 8 ወር የሚቆጠረው ሥራው ካበቃ በኋላ ነው፤ ኮብራው እስኪያልቅ አይጠብቅም። እኔ ዘንድ ሲመጡ ኤፕሪል ገብቷል፤ ጊዜው ያለፈባቸው የሚገቡበት አጠቃላይ ምዝገባ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ብቻ ነው። የደም ግፊት ታማሚ ሆነው እስከሚቀጥለው ዓመት ያለ መድን ከረሙ። ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር መዘግየት በፓርት ቢ ወርሃዊ ክፍያ ላይ 10 በመቶ ይጨመራል፤ እስኪመዘገቡ ሁለት ሙሉ ዓመት ስላለፋቸው 20 በመቶ ቅጣት ተጣለባቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይከፍሉታል። እባካችሁ፣ አባታችሁ ሥራ የሚያቆሙበት ቀን ሳይደርስ የሜዲኬር ምዝገባ ወደሚካሄድበት ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ውሰዷቸው። አሠሪያቸው ከ20 ያነሱ ሠራተኞች ካሉትማ በ65 ዓመታቸው፣ ሥራ ላይ እያሉም መመዝገብ አለባቸው።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው ሜዲኬይድ ሌላ፣ ሜዲኬር ሌላ ነው።

በግሪን ካርድ የመጡና እዚህ ያልሠሩ ወላጆች 65 ስለሞላቸው ብቻ ሜዲኬር አያገኙም፤ 5 ዓመት በተከታታይ መኖር አለባቸው። የትዳር ጓደኛቸው 10 ዓመት ያህል ሠርተው ከሆነ ግን ፓርት ኤ (ሆስፒታል መተኛትን የሚሸፍነው ክፍል) በነጻ ሊሰጣቸው ይችላል። ይህን ሳይጠይቁ የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው።

በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ጥገኝነት አግኝተው ግሪን ካርድ ያልያዙትን ከሜዲኬር ውጭ አድርጓል። ለዓመታት ግብር የከፈሉ አረጋውያን ናቸው፤ በደል ነው። የግሪን ካርድ ማመልከቻቸውን አታዘግዩ። ዜግነት ያላችሁ ልጆችም ለምክር ቤት ተወካያችሁ ደውሉ፤ ዝም ካልን የሚመልስልን የለም።

በስልክ ለሚደውል ሻጭ የሜዲኬር ቁጥር አይነገርም።

እኔም አጥፍቻለሁ። እናቴ አዲስ አበባ ስትሄድ «ካርድሽን ያዢ» ብዬ ሸኘኋት፤ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ በአብዛኛው እንደማይከፍል አላጣራሁም። የሳንባ ምች ይዟት ስትተኛ የሆስፒታሉ ገንዘብ ተቀባይ ካርዱን አገላብጣ አይታ መለሰችልን። ሂሳቡን እኔና እህቴ ተካፍለን ከፈልን። ከዚያ ወዲህ የጉዞ ጤና መድን ሳልገዛላት ትኬት አልቆርጥላትም።