ጃፓንኛ ሳታውቁ የጃፓን ብርቱ ሴቶችን ዘፈን እንዴት ትሰማላችሁ

ጣና ዳር ካለችው ጀበና ቡናችን ተቀምጠን ስልኬ ላይ አንድ የጃፓን ዘፈን ከፈትኩ። ቡና አፍይዋ እትዬ፣ ብረት ምጣዱን እያወዛወዙ ቡና ይቆላሉ። ጥቂት እንደሰሙ እጃቸው ቆም አለ። «ይቺ ደሞ የማን ትዝታ ናት?» አሉ። «የጃፓን ናት» ስላቸው «ተይ እንጂ!» ብለው ሳቁ። ቡናው ሊያር ምንም አልቀረው።

ከዚያ ወዲህ «የብርቱ ሴቶቹን ዘፈን ዝርዝር ላኪልን» የሚሉኝ በዙ። ዝርዝር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ሰው አንዱን ይከፍታል፣ አሥር ሰከንድ ሰምቶ ይዘጋዋል። ስለዚህ አሰማሙን ልንገራችሁ። እኔም ጃፓንኛ የማውቀው ከዘፈን የለቀምኳትን ያህል ነው፣ አትፍሩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ፣ ከአሮጌው ጀምሩ። አብዛኛው ሰው በአኒሜ (በጃፓን ካርቱን ፊልም) ዘፈን ገብቶ እዚያው ይቀራል። እኔ የምላችሁ ኤንካ የሚባለውን ነው፣ አያቶቻቸው የሚያለቅሱበትን። ጆሯችን ለእሱ አዲስ አይደለም። ጃፓኖች «ዮናኑኪ» የሚሉት ቅኝት አላቸው፤ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ የወጣለት ማለት ነው። ከዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ላይ ፋና ሲን አውጡ። ምን ቀረ? ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ትዝታችን። ሚና ላን ደግሞ በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጓቸው፣ ትዝታ ማይነር ሆነላችሁ፤ የእነሱም የሐዘን ቅኝት ያው ነው። እትዬ ያለ ምንም ቲዎሪ የያዙት ይህንን ነው። የአክስቴ ልጅ ክራሩን በትዝታ ማይነር ቃኝቶ ሁለት ሦስት ኤንካ አብሮ ሞክሮ ነበር። አልፎ አልፎ ክራሩ ላይ የሌለ ድምፅ ይመጣበታል እንጂ ይሄዳል። ክራር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ሞክሩት፣ ከማንም ማብራሪያ ይሻላል።

ያን ቀን የከፈትኩት የኢሺካዋ ሳዩሪን «ትሱጋሩ ካይክዮ ፉዩጌሺኪ» ነው። በ1977 በነጠላ ዜማ ሲወጣ ልጅቷ ገና 18 ዓመቷ ነበር። አንዲት ሴት ከቶኪዮ ኡዌኖ ጣቢያ በሌሊት ባቡር ተነስታ ሰሜን ጫፍ አኦሞሪ ትወርዳለች። በረዶ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄደው ሰው ሁሉ ዝም ብሏል፣ የሚሰማው የባሕሩ ጩኸት ብቻ። ብቻዋን መርከብ ትሳፈራለች፣ የሚበርዳቸው የሚመስሉ የባሕር ወፎች እያየች ታለቅሳለች። ደህና ሁን፣ እኔ አገሬ ልገባ ነው ትላለች። አለቀ። (ያ የመርከብ መስመር በ1988 ከባሕሩ ሥር የባቡር ዋሻ ሲከፈት ቀርቷል።)

«ታዲያ ምኗ ነው ብርቱ? ታለቅስ የለ እንዴ!» አለችኝ አንዷ ጓደኛዬ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ስለዚህ ሁለተኛ፣ ዘፈን ስትሰሙ ሴትየዋ ምን ተሰማት ብላችሁ አትጠይቁ። ምን አደረገች በሉ። ይቺ ተነሳች፣ ትኬት ቆረጠች፣ ሄደች። እንባውን መንገድ ላይ ነው ያወረደችው። እኛ ዘንድ «ቻይ ናት» ስንል ብዙ ጊዜ የተቀመጠችውን ነው። ኤንካ ውስጥ የተቀመጠችም ሞልታለች፣ ተመልሶ የማይመጣ ሰው እየጠበቀች ሳኬ (የሩዝ መጠጣቸውን) የምትቀዳ። ደስ አይለኝም እነሱን። ዜማው ቢያምርም ጠንካራ ሴት ተብሎ ሲላክልኝ እበሳጫለሁ።

ጆሯችሁ ከለመደ ወደ ዘፋኟ ናካጂማ ሚዩኪ እለፉ። አንድ ዘፈን ብቻ ጊዜ አለኝ የምትሉ ከሆነ «ፋይቶ!»ን ስሙ፣ የ1983 ነው። የሬዲዮ ፕሮግራም ነበራት፣ መነሻው ከአድማጭ የመጣ ደብዳቤ ነው። አንዲት ልጅ ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት ስለሌላት ሥራ እንደማይሰጧት ጽፋለች። ሌላ ቦታ ላይ ከትውልድ መንደሩ ወጥቶ ቶኪዮ መሄድ የፈለገ ሰው አለ፣ ብትሄድ ዘመዶችህ እዚህ መኖር አይችሉም ብለው ያስፈራሩታል። ሳይሄድበት የቀረው ትኬት ላይ ያለው ጽሑፍ ፈዝዟል። እኔን ግን የምትነካኝ ባቡር ጣቢያ የነበረችው ናት። አንዲት ሴት ሕፃን ከደረጃ ገፍትራ ፈገግ ስትል አይታለች። አልጮኸችም፣ ልጁንም አልረዳችም፣ ፈርታ ሸሸች። ጠላቴ እኔው ነኝ ትላለች። ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር በዘፈን የሚናዘዝ?

መግቢያው ላይ ናካጂማ ዘፈነች አትባልም፣ በጊታር እያጉረመረመች ታወራለች ማለት ይቀላል። ሰው የሚዘጋውም እዚያ ላይ ነው። ታገሱ። አዝማቹ ላይ ድምፅዋ ይነሳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ሽቅብ ስለሚዋኙ ዓሣዎች ትዘፍናለች። ይህንን ለባሕር ዳር ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ክረምት ላይ ከጣና ተነስቶ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ሽቅብ የሚወጣው ዓሣ አለ አይደል? ደራሹ ቁልቁል እየመጣ እሱ ወደ ላይ። እሱን እያሰባችሁ ስሙት።

ሦስተኛ፣ ስትተረጉሙ ተጠንቀቁ። ዛርድ የሚባለውን ባንድ «ማኬናይዴ» ውሰዱ፣ የ1993 ነው፣ ግጥሙን የጻፈችው ዘፋኟ ሳካይ ኢዙሚ ራሷ ናት። በ2007 በ40 ዓመቷ ሞተች። ቃሉ በአማርኛ ምንድን ነው? አትሸነፍ? አትሸነፊ? ጃፓንኛው ጾታ የለውም፣ አማርኛ ግን ምረጪ ብሎ አንቆ ይይዝሻል። የስልክ መተርጎሚያው ሁሌ «አትሸነፍ» ይለኛል። ግጥሙ የተባለለት ወንድ ይሁን ሴት፣ የምትናገረው ሴት ናት፤ ሰው ሩጫው መጨረሻ ሲደርስ ከዳር ቆማ የምታበረታታ። እኔ ለራሴ ስሰማው «አትሸነፊ» ብዬ ነው የምሰማው፣ ማንም አይከለክለኝም። ደግሞ ይኸው ግስ ጃፓን ገበያ ላይ «ማኬቴ ኩዳሳይ» ሲሆን ዋጋ ቀንሱልኝ ማለት ነው! ተሸነፉልኝ እንደ ማለት። ቅዳሜ ገበያ ላይ ልሞክረው አስቤ አፍሬ ተውኩት።

ድሪምስ ካም ትሩ የሚባለውን ባንድ «ናንዶ ዴሞ» (2005) ሥራ ፈልጋችሁ ለደከማችሁ ቀን አስቀምጡት። አሥር ሺህ ጊዜ አልሆን ብሎ ቢደክምሽም አሥር ሺህ አንደኛው ላይ ሊለወጥ ይችላል ነው ነገሩ። ቀላል ነው፣ ብዙ ትንታኔ አይፈልግም።

ወደ አዲሱ ስትመጡ አዶ የምትባለውን ዘፋኝ ስሙ። «ኡሴዋ» በ2020 ሲወጣ 17 ዓመቷ ነበር፣ ፊቷንም አታሳይም ነበር። ርዕሱን በአማርኛ ልመልሰው ብል «አትጨቅጭቁኝ!» ይቀርበዋል፣ ከዚያም ይብሳል። ግጥሙ ጀማሪ ሠራተኛ ግብዣ ላይ የሚጣልበትን ትእዛዝ ይደረድራል፦ ብርጭቆ ባዶ ከሆነ ቶሎ ቅጂ፣ ሥጋውን ከተሰካበት አውጥተሽ አቅርቢ፣ ሒሳቡን ቀድመሽ ጠይቂ። ሠርግ ላይ ጠላ ሲያስቀዷት የዋለች የባሕር ዳር ልጅ ይሄ ይገባታል። ጩኸት ነው፣ አዎ። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፣ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ካለ በተለይ።

አሁን ተራ ነገር። ዩቱብ ላይ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚነበበው ጻፉ፣ ከዚያ የዘፋኟን ስም ጨምሩበት። የጃፓን ኩባንያዎች አንዳንዴ ግማሹን ብቻ ይለቃሉ፣ መሐል ላይ ቢቆረጥ ኔታችሁ አይደለም። ኔት ባለበት ሰዓት አውርዳችሁ ያዙ፣ መብራትም ኔትም እኩል ሲጠፉ የምትሰሙት ይኖራችኋል። መጀመሪያ ግጥሙን ሳታዩ ስሙ፣ ቀጥሎ ትርጉሙን አንብቡ፣ ከዚያ እንደገና ስሙ። ሦስተኛው ላይ ነው የሚገባው።

የሚሶራ ሂባሪን «ካዋ ኖ ናጋሬ ኖ ዮ ኒ» ደግሞ ቤት አትስሙት። እንደ ወንዝ ፍሰት ማለት ነው። ሂባሪ በ1988 ከከባድ ሕመም ተነስታ ቶኪዮ ዶም ላይ ዘፈነች፣ ይሄ ዘፈን በ1989 መጀመሪያ ወጣ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በ52 ዓመቷ አረፈች። አመሻሽ ላይ ዓባይ ከጣና ወጥቶ መፍሰስ ወደሚጀምርበት ሄዳችሁ ክፈቱት።

እትዬ ግን ዛሬም የሚያዙኝ ያቺኑ የባቡሯን ነው። ታሪኩን ነግሬያቸዋለሁ፤ በትንፋሽዋ የደበዘዘውን መስኮት በእጇ ስትጠርግ፣ ከጭጋጉ በቀር ምንም እንደማይታያት። ትናንት ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ «መርከቡስ ደረሰ?» አሉኝ።

«አይደርስም እትዬ፣ ዘፈኑ ባሕሩ ላይ እያለች ነው የሚያልቀው።»

«እንግዲያው ድገሚው» አሉኝ።