ከምናባዊ የበረራ ቡድን ጋር መላመድ፦ የጦርነት ሲሙሌሽን ጌም ለሚጫወቱ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ በተመሠረቱ የሲሙሌሽን (እውነተኛውን ሥራ በሚያስመስሉ) ጌሞች ተጫዋቹ ብቻውን አይዘምትም። የእንግሊዙ ላንካስተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን 7 ሰው፣ የአሜሪካው ቢ-17 ደግሞ 10 ሰው ይዞ ይነሣ ነበር፤ በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ውስጥም ከ40 በላይ ባሕረተኞች ለሳምንታት ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ጌሙ ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጣቸው ስም፣ የሥራ ድርሻና ጥቂት የችሎታ ነጥቦች ናቸው። የቀረውን የሚጨምረው ተጫዋቹ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚያስረዳው እንዴት እንደሚጨምር ነው።

ከሁሉ አስቀድመው ወደ ኋላ የመመለሻውን በር ይዝጉ። ሰው በሞተ ቁጥር የቀድሞውን ሴቭ (ቀድሞ ያስቀመጠውን የጨዋታ ሁኔታ) የሚከፍት ተጫዋች ለማንም ሊሰጋ አይችልም፤ የማይሰጉለትን ሰው ደግሞ መውደድ አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ቦምበር ክሩ» የተባለው የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጌም በዚህ ረገድ ጥሩ መነሻ ነው፤ የሞተ የቡድን አባል ለብዙ በረራዎች ያከማቸውን ልምድ ይዞ ይሄዳል፣ በምትኩም ሌላ ሰው መቅጠር ያስፈልጋል። ሌላ ጌም የሚጫወቱ ከሆነ፣ ጌሙ ባያስገድድዎትም እንኳ ይህንኑ ሕግ በራስዎ ላይ ይጣሉ፤ አንድ ጊዜ ካፈረሱት በኋላ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ማፍረስ እጅግ እንደሚቀል ከራሴ ልምድ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ሥራ ደብተር መያዝ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመነው በዚህ ነው። ልማዱ ከኮምፒውተር ጌሞች ጋር የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመው ቢ-17ን በሚመለከት የጠረጴዛ ጌም ተጫዋቹ ብቻውን ተቀምጦ ዳይስ እየወረወረ አውሮፕላኑን 25 ተልዕኮ ለማስጨረስ ይጥር ነበር፤ የሠራተኞቹን ስምም በወረቀት ላይ በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። ከወረቀትና ከዳይስ በቀር ምንም ምስል ሳይኖር ሰዎች ለእነዚያ ስሞች የተጨነቁት እጃቸው ስለጻፋቸው ይመስለኛል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ለአንድ ሰው ብቻ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ይጻፉ። ነጥቦቹን ጌሙ ስለሚይዛቸው ይተዉአቸውና ያ ሰው በዚያ ዕለት ምን እንዳደረገ ይመዝግቡ፦ እሳት ያጠፋው ማን ነበር፣ ቆስሎ ከቦታው ያልተነሣው ማን ነበር፣ መንገድ ሲጠፋ ናቪጌተሩ (አቅጣጫ መሪው) በስንተኛው ሙከራ አገኘው።

የሥራ ድርሻቸውን ከጌሙ ውጭም ይወቁት። ለምሳሌ የላንካስተር የኋላ ተኳሽ ከጓደኞቹ ሁሉ ርቆ፣ በጅራቱ ጫፍ ባለች ጠባብ የመትረየስ ክፍል ውስጥ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ብቻውን ለሰዓታት ይቀመጥ ነበር፤ በብዙዎቹ አውሮፕላኖች ላይ ፓራሹቱ የሚቀመጠው ከእሱ ክፍል ውጭ ስለነበር አደጋ ሲደርስ በሩን ከፍቶ እጁን መዘርጋት ነበረበት። ይህን ያወቀ ተጫዋች በስክሪኑ ላይ ያቺን ትንሽ ምስል እንደ ቀድሞው አያያትም። በጸጥታ በሚያልፈው የመልስ ጉዞ ላይም ጊዜውን አያፍጥኑ፤ ካሜራውን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዞሩ እያንዳንዱን ሰው በቦታው ይጎብኙ።

እኔ የኋላ ተኳሼን ያጣሁት በ11ኛው በረራው ነው። እየተመለስን ሳለ የጠላት ተዋጊ አውሮፕላኖች ደረሱብን፤ እሱ ተመትቶ ሲወድቅ ሞተሩም በተመሳሳይ ቅጽበት በእሳት ተያያዘ። ሬዲዮ ኦፕሬተሩን የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን አስይዤ ልልከው እችል ነበር፤ እኔ ግን እሳቱን አስቀደምኩ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሬዲዮ ኦፕሬተሩ ሣጥኑን ይዞ የአውሮፕላኑን ወገብ አቋርጦ ሲሄድ፣ ከተኳሹ ራስ በላይ ያለው ቆጣሪ ሲቀንስ አየሁ። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆጣሪው አለቀ። በደብተሬ ላይ «ሣጥኑ ደረሰ፤ እሱ አልቆየም» ብዬ ጻፍኩ። ውሳኔው ትክክል እንደነበር ዛሬም አምናለሁ፤ ስድስቱ በሕይወት ተመልሰዋልና። ሆኖም ያንን ገጽ ስገልጥ ልቤ ይነካል።

በስም አሰጣጥ ላይ ጥብቅ አቋም አለኝ፤ ለምናባዊ ወታደር የሚወዱትን የቤተሰብ አባል ስም አይስጡት። እንዲህ ያለው ስም የሚያመጣው ስሜት ከሌላ ሰው የተበደረ ነው፤ ያ ሰው በጌሙ ውስጥ በሚሞትበት ምሽትም የሚሰማዎት ነገር ከጨዋታው ጋር የማይመጣጠን ይሆናል። ጌሙ የሰጠውን ስም ይተዉለትና ስሙን በሥራው ያስጠራ።

የሰርጓጅ መርከብ ጌም የሚጫወቱ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው «ሳይለንት ሃንተር 3» ውስጥ ለባሕረተኞችዎ ማዕረግና ሜዳልያ ይሰጣሉ፣ ድካማቸውን እያዩም ፈረቃቸውን ይለዋውጣሉ፤ መቀራረቡ ፈጣን ነው። በእውነተኛው ጦርነት ከጀርመን ሰርጓጅ መርከበኞች ሦስት አራተኛው ያህል አልተመለሱም። ነገር ግን ያገለገሉት የናዚን መንግሥት ነበር፤ ያሰጠሟቸው የንግድ መርከቦችም ሰው ነበረባቸው። ስለዚህ በደብተርዎ ላይ የሰመጠውን መርከብ ቶን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ይጻፉ። ይህን ማድረግ ለራስዎ ሰዎች ያለዎትን ስሜት አይቀንሰውም፤ ሙሉ ያደርገዋል እንጂ።

ማሰናበትንም ይማሩ። በእንግሊዝ የቦምበር ኮማንድ (የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ዕዝ) አንድ የበረራ ዙር 30 ዘመቻ ነበር፤ ከ125,000 ገደማ በራሪዎች ውስጥ 55,573ቱ ሞተዋል። እኔ የዙሩን ቁጥር ይዤ ማንኛውም ሰው 30 በረራ ከጨረሰ፣ ጌሙ ቢፈቅድም፣ ዳግመኛ አላበረውም። የሠለጠነ ሰው መተው ቀጣዩን ተልዕኮ ያከብደዋል፤ ያም ሆኖ በደብተሩ ላይ «ወደ ቤቱ ተመለሰ» ብሎ የመጻፍን ደስታ ሌላ ምንም ነገር አልሰጠኝም።

ሰው ሲሞት ግን በዚያው ምሽት ሌላ ተልዕኮ አይጀምሩ። ገጹን ጽፈው ጨርሰው ኮምፒውተሩን ይዝጉ፤ ሐዘኑ ከጨዋታው ውጭ ተከትሎዎት እንቅልፍ የሚነሣዎት ከሆነም ለጥቂት ሳምንታት ጌሙን ይተዉት። ሲመለሱ ምትኩን በባዶው ወንበር ላይ ያስቀምጡት፣ በአዲስ ገጽ ላይ ስሙን ይጻፉለት፤ የመጀመሪያ በረራውም አጭርና ቀላል ከሆኑት ተልዕኮዎች አንዱ ይሁንለት።